በስልክ ስለሚቀረጸው ቅዳሴ፤ አንድ ትችት

ቅዳሴን በድምፅና በተንቀሳቃሽ ሥዕል ቀርጾ በኢንተርኔት ማስተላለፍ፥ በተለይ ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወዲህ፥ በብዙ አጥቢያዎች የተለመደ ሥራ ሆኗል። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስልክና አንድ መቆሚያ ነው። ገንዘብ ያነሰው አጥቢያ በዚህ ቢሠራ አይነቀፍም፤ እንዲያውም ወጣቶቹ ያለ ደመወዝ ስለሚደክሙ ምስጋና ይገባቸዋል። የምንተቸው ያለው ጥቂት ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል ነው።

ለዚህ ያነሣሣን አንድ ቀን ያየነው ነገር ነው። ከቤት መውጣት የተሳናቸው አንዲት አሮጊት ከአንድ አጥቢያ የሚተላለፈውን ቅዳሴ በስልክ ሲከታተሉ አብረናቸው ተቀምጠን ነበር። ካህኑና ዲያቆኑ ጥርት ብለው ይሰማሉ። የሕዝቡ ተራ ሲደርስ ግን ስልኩ ዝም አለ ማለት ይቻላል፤ እናታችን ብቻቸውን ይመልሳሉ። ጥቂት ቆይተው፥ «ልጆቼ፥ ዛሬ ሰው አልመጣም እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ዕለቱ እሑድ ነበር፤ ሥዕሉም ቅጽሩ ነጭ በለበሰ ሰው ሞልቶ ያሳያል።

በቅዳሴው መጽሐፍ ላይ ይ.ካ.፥ ይ.ዲ.፥ ይ.ሕ. የሚሉ ምልክቶች የካህኑን፥ የዲያቆኑንና የሕዝቡን ተራ ይለያሉ። እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስላደግን ይህን ዘግይተን የተማርን ነን፤ ብንስት ሊቃውንቱ ያርሙን። ነገር ግን ሦስተኛው ተናጋሪ የማይሰማበት ቅጂ ገጾቹ እንደ ተቀደዱበት መጽሐፍ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድምፅ ማጉያው የተተከለው ካህኑ በመቅደስ፥ ከመጋረጃው በስተኋላ፥ የሚለውን ወደ ውጭ ለማውጣት ነው። ሕዝቡ የሚመልሰው እዚያው ላለው ሰው ስለሚሰማ ማጉላት አላስፈለገም። ቀራጩ ገመዱን ከድምፅ ማጉያው ላይ ሲቀጥል፥ እንዲጎላ ያልተፈለገው ሁሉ ከቅጂው ውጭ ይቀራል። በስልኩ በራሱ ማይክሮፎን የሚቀርጸው ደግሞ ሌላ ችግር ያገኘዋል። ስልኩ የድምፁን ከፍታ እንደ ገዛ ፈቃዱ ያስተካክላልና፥ በማኅሌት ጊዜ ከበሮው አንዴ ሲመታ ድምፁን ሁሉ ዝቅ አድርጎ ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። የመሪጌታው ዜማ በየምቱ መካከል እየሰመጠ እየወጣ ይሰማል፤ ጸናጽሉም አንዳንድ ጊዜ እንደ ጫጫታ ተቆጥሮ ይደበዝዛል።

በዚህ ላይ ገንዘቡ ለካሜራ ይወጣል። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የሚላክ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ በሴኮንድ 1,500 ኪሎቢት የሚላክ ሥዕል ግን 675 ሜጋባይት ይወስዳል። ይህን የሚከፍለው ላኪው ብቻ አይደለም፤ ካርድ ሞልቶ የሚያዳምጠውም ነው። ካሜራ ተሸክሞ በምእመናን ፊት መመላለሱንም ሳናነሣ አናልፍም። በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ከተማ ኬዲኬኤ የተባለው ራዲዮ ጣቢያ ጃንዋሪ 2 ቀን 1921 እ.ኤ.አ. ከቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሲያስተላልፍ፥ ባለሙያዎቹ ሰው እንዳያውኩ የመዘምራን ልብስ ለብሰው ነበር ይባላል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሁለተኛ ስልክ፥ አሮጌም ቢሆን፥ በሕዝቡ መካከል ከድምፅ ማጉያው አፍ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በኋላ ሁለቱን ቅጂዎች ለማገጣጠም የቃጭሉ ድምፅ ምልክት ይሆናል። ቅዳሴው ረዥም ስለ ሆነ ሁለቱ ስልኮች እየቆዩ በጥቂቱ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ማገጣጠሙ ቃጭሉ በተሰማበት ቦታ ሁሉ ይደገም። በቀጥታ ለማስተላለፍ ግን ይህ አይበቃም፤ ሁለት ማይክሮፎን የሚቀበል አነስተኛ የድምፅ ማደባለቂያ ያስፈልጋል።

በሕዝቡ መካከል የተቀመጠ ማይክሮፎን ሳልና የሕፃን ልቅሶም ያመጣል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ያመጣል። በቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ አለ።

ነገሩን ለዚያው አጥቢያ ወጣቶች ነግረናቸው በሚቀጥለው እሑድ አንድ አሮጌ ስልክ ከምሰሶ ሥር አኖሩ። ድምፁ ሻካራ ነበር፤ የሕዝቡ መልስ ግን ተሰማ። እናታችን ያዳመጡት በማግሥቱ ሰኞ ነው፤ ማደባለቂያው ገና አልተገዛም።