ላጲስ ለማንሳት የማይቸኩል እጅ

አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ 1/2 + 1/3 ተሰጥቷት 2/5 ብላ ጻፈች እንበል። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራ ነው። ችኩል አስጠኚ እዚህ ላይ ላጲስ ያነሳል። «የጋራ ታህት ፈልጊ እንጂ!» ብሎ ራሱ 5/6ን ይጽፍላታል፤ እሷም ትገለብጣለች። በሳምንቱ ያው ስህተት ይመለሳል።

ሙያውን የተካነ አስጠኚ መልሱን አይነካም። «እስቲ እንዴት እንዳገኘሽው ንገሪኝ» ይላል። ትክክል ስትሠራም በዚያው ድምፅ ስለሚጠይቃት፣ መጠየቁ ብቻ መሳሳቷን አያሳብቅም። አስረድታው ስትጨርስ፣ «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ይላታል።

ከዚያ ዝም ይላል። ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጣቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጠይቀው የሚታገሡት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ትዕግሥቱ ወደ 3 ሰከንድ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ይሰፋል፤ መልስ አጥቶ የሚቀረውም ይቀንሳል።

ልጅቷ ታሰላለች፤ የአምስት ግማሽ ሁለት ተኩል ነው፣ ሁለት ደግሞ ከዚያ ያንሳል። «ቲቸር፣ ግማሽ ላይ ጨምሬበት እንዴት ከግማሽ አነሰ?» ጥያቄው አሁን የራሷ ሆነ። ያኔ ነው ወረቀት የሚያቀብላት። ወረቀቱን ስድስት እኩል ቦታ ስታጥፈው ግማሹ ሦስት፣ ሲሶው ሁለት እጥፋት ይሆናል፤ ሲደመር አምስት ስድስተኛ።

የጥያቄዎቹም ቅደም ተከተል በዘፈቀደ አይደለም። ቀጥሎ 1/3 + 1/4 ይመጣል፤ ታህቶቹን ማባዛት ወደ 12 ያደርሳታል። ከዚያ 1/4 + 1/6፤ ማባዛቱ 24 ቢሰጣትም 12 እንደሚበቃ ራሷ ትደርስበታለች። በመጨረሻ 2/3 + 1/2፤ ድምሩ ከአንድ ያልፋል። ወረቀቱ በመካከል ተሰብስቧል፣ እሱም ወንበሩን ትንሽ አርቋል።

በራስ መተማመን በ«ጎበዝ!» ብዛት አይመጣም። ልጅቷ መልሷን በግማሽ መመዘን ለምዳለች፤ ፈተና ክፍል ውስጥ አስጠኚ ባይኖርም መመዘኛው አብሯት ይገባል። ወላጅ የሚከፍለው በሰዓት ስለሆነ የተሞላ ገጽ ማየት ይፈልጋል፤ የዚህ ሰዓት ደብተር ግን አራት ጥያቄ ብቻ ይዟል። ሥራውን መመዘን የሚሻ ወላጅ የገጹን ብዛት ትቶ፣ ልጁን «ይህ መልስ ልክ መሆኑን በምን አወቅሽ?» ብሎ ይጠይቅ።