«ተሽከርካሪ» ወይስ «ዲስክ»? በአንድ የፍሬን ጥገና መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የሙያ ቃል የሚመዘነው ሥራው በሚሠራበት ቦታ ነው። ሠሪው ቃሉን ሰምቶ ሳያመነታ እጁን ወደ ትክክለኛው ዕቃ ከሰደደ ቃሉ ተሳክቷል፤ ቆሞ የሚያስብ ከሆነ ግን የቃሉ መሥራች እንደገና ማሰብ ይኖርበታል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ በፎቶ ኮፒ የተሰራጨ አንድ የመኪና ጥገና መመሪያ ሲሆን፣ የምንወስደውም ስለ ኋላ ፍሬን ዲስክ አለዋወጥ የሚናገረውን ክፍል ብቻ ነው። ቅጂውን ያገኘነው ከወልድያ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጭፍራ ከተማ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቦታው ለእንዲህ ያለ ምርመራ የተመቸ ነው፤ ከወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ መኪና ፍሬኑን አግሎ ይደርስበታልና። በጋራዡ አፉን በአፋርኛ የፈታ ወጣት ከደጋ ከመጣ መካኒክ ጋር በአማርኛ እየተግባባ ይሠራል። ለዚህ ወጣት አሻሚውን ቃል በልማድ የሚያቃናለት የአፍ መፍቻ ስሜት የለውም።

የመመሪያው ዋና ስሕተት «ሮቶር» የሚለውን ቃል «ተሽከርካሪ» ብሎ መመለሱ ነው። ቃሉ ከሰዋስው አንጻር እንከን አይወጣለትም፤ «ተሽከረከረ» ከሚለው ግሥ በደንቡ የተመሠረተ የአድራጊ ስም ነው። ችግሩ ቦታው ቀድሞ መያዙ ነው። «ተሽከርካሪ» በሕግም፣ በጋዜጣም፣ በትራፊክ ፖሊስ አነጋገርም መላውን መኪና የሚጠራ ስም ሆኖ ከጸና ቆይቷል። በዚህም የተነሣ መመሪያው አንባቢውን በክሪክ ተሽከርካሪውን እንዲያነሣ፣ ቀጥሎም ተሽከርካሪውን እንዲያወልቅ ያዘዋል። እንግሊዝኛውን የማያውቅ ሰው ምኑን አንሥቶ ምኑን ያወልቅ?

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይልቅ አደገኛ ነው። መመሪያው በሌላ ገጽ ይህንኑ ዕቃ «ከበሮ» ይለዋል። ዲስክና ታምቡር ግን በአሠራር የተለያዩ ናቸው። በታምቡር ፍሬን ሸራዎቹ ከውስጥ ወደ ውጭ ተገፍተው የታምቡሩን የውስጥ ግድግዳ ይይዛሉ፤ በዲስክ ፍሬን ፓዶቹ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ይጨምቁታል። ላንድ ክሩዘር ፕራዶን በመሰሉ መኪናዎች ደግሞ የኋላው ዲስክ መካከሉ ጎድጎድ ብሎ ለእጅ ፍሬን የሚያገለግል ትንሽ ታምቡር ይዟል። የእጅ ፍሬኑ ሳይለቀቅ ዲስኩን በመዶሻ ቢደበድቡት አይወጣም፤ በውስጡ ያሉት ሸራዎች ይዘውታልና።

ታዲያ «ከበሮውን ለካ» ሲባል ሰልጣኙ የትኛውን ይለካል? በዲስክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተቀርጾ የሚገኘው በሚሊሜትር የተሰጠ ዝቅተኛ ውፍረት ነው፤ ለታምቡር የሚሰጠው ከፍተኛው የውስጥ ስፋት ነው። ዲስክ ሲያልቅ ይሳሳል፣ ታምቡር ሲያልቅ ይሰፋል። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ተርጓሚ የመለኪያቸውን አቅጣጫ አምታትቷል ማለት ነው። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የመሸከም ዐቅሙ ይቀንሳል፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬኑ ፈሳሽ ይተላለፋል። ዶት 4 የተባለው ፈሳሽ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን የመፍያው ዝቅተኛ ወሰን 155 ዲግሪ ነው። በቁልቁለት ላይ የፈላ ፈሳሽ እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉም እስከ ወለል ይሰምጣል። የቃል ምርጫ የሰው ሕይወት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንሻም።

ለፍትሕ ያህል የመመሪያውን በጎ ጎንም መጥቀስ ይገባናል። ጋራዡ «የፍሬን ዘይት» የሚለውን «የፍሬን ፈሳሽ» ማለቱ ትክክል ነው። «ዘይት» የሚለው ልማድ ያሳሳተው ሰው የሞተር ዘይት ቢጨምርበት የፍሬኑ ጎማዎች አብጠው ይበላሻሉ። የሠራተኛው ቃል ሁሉ ይጽደቅ አንልም ማለት ነው፤ የሚያሳስት ልማድ መታረም አለበት።

«ባዕድ ቃል ለምን?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እንገምታለን። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ታምቡር ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ አማርኛ በራሱ ግሦች ገርቷቸዋል፤ ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ ፍሬን ይበጥሳል። መበጠስ የገመድና የጠፍር ጠባይ ሆኖ ሳለ ቋንቋው በፈሳሽ ግፊት ለሚሠራ ዕቃ ሰጥቶታል። «ፍሬን» በ«ልጓም» ይተካ ለሚሉም፣ የጣሊያንኛው ቃል የተገኘበት የላቲኑ «ፍሬኑም» ትርጉሙ ልጓም እንደነበረ እናስታውሳቸዋለን። ምሳሌው አንድ ጊዜ ተመስሏል፤ ዳግመኛ መመሰሉ ለመካኒኩ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ስለዚህ አስተያየታችን የሚከተለው ነው። «ዲስክ» በፓድ ለሚጨመቀው ክብ ብረት፣ «ታምቡር» በሸራ ከውስጥ ለሚያዘው፣ «ሮቶር» በኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ ለሚዞረው አካል ይመደቡ። «ተሽከርካሪ» ለመላው መኪና ብቻ ይቆይ። ተርጓሚም የቃላት ዝርዝሩን ከማሳተሙ በፊት ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለሠራተኛው ያንብብለት፤ ሠራተኛው የሚያነሣውንም ይመልከት።

በጭፍራው ቅጂ ላይ አንድ እጅ «ተሽከርካሪ» የሚለውን በየገጹ በእስክሪብቶ ሰርዞ «ዲስክ» ብሎ ጽፎበታል። ማን እንዳረመው ስንጠይቅ ወጣቱ ሰልጣኝ፣ «እኔ ነኝ፣ ዶክተር፤ አለዚያ ለሚቀጥለው ልጅ ሁልጊዜ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው» አለን። መመሪያው ዳግመኛ የሚታተም ከሆነ እርማቱ ከዚያ ቅጂ ቢጀመር መልካም ነው እንላለን።