ከሰርቪስ በኋላ የተገኘች ጭረት

ጊታር ከሰርቪስ በተመለሰበት ቀን የሚመረመረውን ያህል በሌላ ቀን አይመረመርም። ባለቤቱ ሻንጣውን ይከፍታል፣ ወደ መስኮት ይዞት ይሄዳል፣ ብርሃን ላይ ያገላብጠዋል። የገዛ ቀበቶው ዘለበት ለዓመታት ጀርባውን ሲፍቀው አላየም፤ መድረክ ላይ ከማይክ ማቆሚያ ጋር ያላተመውን ጠርዝም ረስቶታል። አንገቱ ጎን ላይ ያለችውን ቀጭን ጭረት ግን ገና ሲያነሳው ያያታል። እሷን ካየ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አይታየውም። ክሩ ዝቅ ብሎ ለጣት እንደተመቸ፣ አምስተኛው ፍሬት ላይ ሲነዝር የነበረው ድምፅ እንደጠራ ልብ አይልም።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር እጠግናለሁ። ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሰርቪስ ተደርጎ፣ ለጭረቷ ብቻ ሲባል ወደ እኔ የሚመጣ ጊታር ብዙ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይቺን ብቻ አጥፋልኝ።» በዚህ ሥራ በቆየሁ ቁጥር እየጠነከረብኝ የመጣ አቋም አለኝ። ከእነዚህ ጭረቶች አብዛኞቹ ባይነኩ ይሻላል። መልኩ ክፉኛ ተበላሽቶ ጠረጴዛዬ ላይ የወጣ ጊታር ባየሁ ቁጥር ታሪኩን ስጠይቅ፣ መነሻው አንዲት ትንሽ ጭረት ለማጥፋት የተደረገ ጥድፊያ ሆኖ ይገኛል።

ጭረቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ንዴትን በመጠኑ ያበርዳል። በእኛ ከተማ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ አየሩ ይደርቃል። የጣት ሰሌዳው እንጨት የያዘውን እርጥበት እየለቀቀ በወርዱ ይኮማተራል፤ ፍሬቱ ብረት ስለሆነ አብሮት አይኮማተርም። ስለዚህ የፍሬቱ ጫፍ ከእንጨቱ ጠርዝ ወጣ ይልና አንገቱን ወደ ታች ስትወርድ እጅህን ይቧጭርሃል። ከኅዳር ጀምሮ «ጊታሬ እጄን ቆረጠኝ» የሚል ሰው የማይመጣበት ሳምንት የለም። መፍትሔው የወጣውን ጫፍ በቀጭን ሞረድ ከእንጨቱ ጋር ማስተካከል ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ጊታሮች ፋብሪካ ውስጥ ቫርኒሽ የሚቀቡት ፍሬቱ ከተተከለ በኋላ ስለሆነ፣ የፍሬቱ ጫፍ ራሱ በቫርኒሽ ተሸፍኗል። እንጨቱ ወደ ውስጥ ሲሸሽ ብረቱ ባለበት ይቆምና ቫርኒሹን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ሳይታይ ይሰነጥቀዋል። ሞረዱ ገና ሲነካው ሚሊሜትር ወይም ሁለት ሚሊሜትር የምትሆን ስባሪ ተነስታ ትወድቃለች። ስንጥቁን የፈጠረው በጋው ነው፤ ስባሪዋ የወደቀችው ግን ባለሙያው እጅ ላይ ነው።

ሌሎቹ ቦታዎችም የታወቁ ናቸው። ናት የምንለው የክር መቀመጫ ሲሞረድ፣ ሞረዱ ካለፈ የጊታሩን ራስ ፊት ይነካል። የኤሌክትሪክ ጊታር የጃክ ዳዶ ሲጠብቅ መፍቻው ከሸሸ ዙሪያውን ክብ ምልክት ይተዋል። የጣት ሰሌዳው ቫርኒሽ የተቀባ ሜፕል ከሆነ ደግሞ፣ ለመከላከያ ተብሎ የተለጠፈው የወረቀት ፕላስተር ሲነሳ ያረጀ ቫርኒሽ ይዞ ሊነሳ ይችላል። ጥንቃቄ ያደረገ ባለሙያ በዚያው ጥንቃቄው የሚቀጣበት ሙያ ነው።

ጭረት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ማጽዳት ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በጥቂቱ አርጥቤ አብሳለሁ፤ ካልለቀቀ የላይተር ቤንዚን በጨርቁ ጫፍ እነካበታለሁ። «ጭረት» ተብሎ የመጣው ነገር የፕላስተር ሙጫ ወይም የፖሊሽ ዝቃጭ ሆኖ እዚያው የሚያልቅባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። እውነተኛ ጭረት ከሆነ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጌ አያለሁ፣ ጥፍሬን አቋርጬ አሳልፋለሁ። ጥፍር ካልያዘው ላይ ላዩን ነው፤ ጥሩ ፖሊሽና ትዕግሥት ይበቃዋል። ነጭ መስመር ሆኖ ከታየና በውሃ እርጥብ ባለ ጣት ሲነካ ለአፍታ ከጠፋ፣ ጉዳቱ ቫርኒሹ ላይ ብቻ ነው። ደብዘዝ ያለ ወይም የጠቆረ ከሆነ፣ ሲነካም እርጥበት የሚጠጣ ከሆነ እንጨት ደርሷል ማለት ነው፤ ያኔ ጨዋታው ይለወጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቫርኒሹ ዓይነት ነው፤ ሳያጣራ ማሟሟያ የሚያነሳ ሰው ጊታር ባይነካ ይሻላል። ጊብሰንና ማርቲን ዛሬም በብዙ ጊታሮቻቸው ላይ የሚቀቡት ናይትሮሴሉሎስ ላከር ስስ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም። ቶሎ ይጎዳል፣ ግን በራሱ ማሟሟያ መልሶ ስለሚሟሟ አዲሱ ጠብታ ከአሮጌው ጋር ይዋሃዳል። ፖሊዩሬታንና ፖሊስተር ጠንካራ ናቸው፤ አንዴ ከጠጠሩ በኋላ ግን አይሟሙም። አዲሱ ነገር ከላያቸው ይቀመጣል እንጂ ከውስጣቸው አይገባም፤ ጥገናው የቱንም ያህል ቢያምር ጠርዙ ከሆነ አቅጣጫ መታየቱ አይቀርም። ፌንደር በፈረንጆቹ 1968 ገደማ ወደ ፖሊስተር ዞሯል፤ ገበያችን ላይ ያለው አብዛኛው ርካሽ ቦክስ ጊታርም ከዚሁ ወገን ነው። በእጅ የተሠሩ ክላሲካል ጊታሮች ላይ ደግሞ ሼላክ ይገኛል፤ እሱ ጠላቱ አልኮል ነው። በኮሮና ጊዜ እጃቸውን በሳኒታይዘር አሽተው ሳይደርቅ ሼላክ የያዙ ሰዎች የጣት አሻራቸውን ጊታሩ ላይ ትተዋል፤ ለዚህ እንኳ ጠጋኝን መውቀስ አይቻልም።

ናይትሮ ላይ ያለች ስባሪ እንዴት እንደምትሞላ ልናገር፣ «ብቻ» የምትለው ቃል ምን ያህል ሥራ እንደያዘች እንዲታይ። ላከሩን በቀጭን ብሩሽ ጫፍ አንስቼ አንዲት ጠብታ ጉድጓዷ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አብዛኛው ነገሯ የሚተን ማሟሟያ ስለሆነ ስትደርቅ ትሰምጣለች። ሌላ ጠብታ እጨምራለሁ፣ እንደገና ትሰምጣለች። ከዙሪያዋ ከፍ ብላ እስክትቆም እንዲሁ ነው። ከዚያ ጊታሩ ለሳምንታት ይሰቀላል፤ ቶሎ የተስተካከለች ጠብታ ከወር በኋላ ጎድጉዳ ትገኛለችና። ትርፏን የማነሳው በጢም መላጫ ምላጭ ነው። የምላጩን ስለት ግራና ቀኝ በስኮች እሸፍንና መሃሉን በጥቂቱ ክፍት እተዋለሁ። ስኮቹ ጤነኛው ቫርኒሽ ላይ ይንሸራተታል፣ ስለቱ የሚያገኘው ጉብታዋን ብቻ ነው። ሲፋቅ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ዱቄቱ ሲቆም እኔም እቆማለሁ። ከዚያ ቁጥሩ 1500፣ ቀጥሎ 2000 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ በመጨረሻ ፖሊሽ። ፖሊ ከሆነ በላከሩ ፋንታ ሱፐር ግሉ ይገባል፤ እሱ ቶሎ ይጠጥራል፣ ስህተትንም ቶሎ ያጠጥራል።

ይህ ሁሉ ከአንድ ሜትር ርቀት ለማትታይ ነገር ነው። የሚጠይቀው ጊዜ ፍሬቶቹን ሁሉ ካስተካከለው ሥራ ሊበልጥ ይችላል፤ ዋጋውም እንደዚያው። ሥራውን እወደዋለሁ፣ ገንዘቡንም አልጠላውም። ቢሆንም ባለቤቱን አስቀድሜ ለማሳመን የምሞክረው እንዳያሠራው ነው።

ምክንያቱም ሌላው መንገድ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ሰውየው ይናደድና ጊታሩን መኪና ቀለም ለሚቀባ ወይም የቤት ዕቃ ለሚሠራ ወዳጁ ይሰጠዋል። ወዳጁ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ያነሳል። ቫርኒሽ በጣም የሚሳሳው ጠርዝ ላይ መሆኑን አያውቅም፤ ጠርዙን ሁለቴ ሲያልፍበት ከመሃል ቢጫ ሆኖ ወደ ዳር እየጠቆረ የሚሄደው ቀለም አብሮ ይነሳል። ያንን ለመሸፈን ጎኑ በሙሉ ይቀባል፤ ጎኑ ከፊቱ ጋር ስላልተመሳሰለ ፊቱም ይከተላል። ሌላው ደግሞ ሲሊኮን ያለበትን የዳሽቦርድ ማብሪያ ይደፋበታል፤ ጭረቷ ለሳምንት የጠፋች ትመስላለች፣ ኋላ ላይ ግን የትኛውም ላከር በዚያ ቦታ ላይ ዓይን እየሠራ ይሸሻል እንጂ አይዝም። አንድ ቦክስ ጊታር እንዲህ ሆኖ መጥቶልኝ ድምፁ ሳይቀር ታፍኖ አገኘሁት፤ ፊቱ ላይ የተከመረው ቫርኒሽ የስፕሩሱን እንጨት እንዳይንቀጠቀጥ ይዞታል።

የሚናደድን ሰው በአሜሪካዊው ዘፋኝ በዊሊ ኔልሰን ጊታር ማጽናናትም ያስቸግራል። ብዙ ባልደረቦቼ ይሞክሩታል። ኔልሰን በፈረንጆቹ 1969 የያዘው ማርቲን ኤን-20 የናይለን ክር ጊታር ስለሆነ የፒክ መከላከያ የለውም፤ በፒክ እየመታ ከብሪጁ በላይ ቀዳዳ አወጣበት፣ እስከ ዛሬም በዚያው ይጫወታል፣ ፊቱም በወዳጆቹ ፊርማ ተሞልቷል። ፌንደርም ከ1995 ጀምሮ አዲስ ጊታር ሆን ብሎ አስረጅቶ፣ ፍቆና አላልጦ በውድ ይሸጣል፤ እኔ በበኩሌ ያላረጀ ነገር እንዳረጀ ሲሸጥ ማየት አይመቸኝም። ነገር ግን ሁለቱም ለዚህ ሰው መልስ አይሆኑትም። ኔልሰን ቀዳዳውን ያወጣው በገዛ እጁ፣ ሲዘፍን ነው። ያረጀ የሚመስለውን የገዛውም ወዶ ከፍሎበታል። ይህኛው ግን ጊታሩን አምኖ ሰጥቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ያላደረገውን ምልክት ተቀብሏል። የሚያመው እሱ ነው፤ ላከር የሚሞላው ነገር አይደለም።

ባለፈው በጋ አንድ ወጣት የቤተ ክርስቲያን ጊታሪስት እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺ ከመስጠቴ በፊት አልነበረችም፤ እናቴ ትሙት!»

«እናትህን ተዋት። ሰውየው ሲመልስልህ ስለ ስባሪዋ ነገረህ?»

«ምንም አላለኝም። ቤቴ ገብቼ ነው ያየኋት።»

ሥራው በደንብ የተሠራ ነበር። ጫፎቹ ሁሉ ተስተካክለው፣ ክብ ሆነው፣ እጅ አይዙም። ስባሪዋ ሰባተኛው ፍሬት ጫፍ ላይ ነበረች። አስቀድሞ «እዚህ ጋ ቫርኒሹ ስንጥቅ ነበረበት፣ ስሞርደው ወደቀ» ቢባል ኖሮ ልጁ እኔ ዘንድ ባልመጣ ነበር። ዝም ስለተባለ ግን ጥሩውን ሥራ ጭምር ተጠራጠረው። እኔ ጊታር ስቀበል ባለቤቱ ባለበት መብራት ሥር አገላብጬ በስልኬ ፎቶ የማነሳው ለዚህ ነው። በተለይ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ናይትሮ ጊታር ከሆነ አጥብቄ አነሳለሁ። በአውሮፕላን ዕቃ መጫኛ ውስጥ በርዶ ቦሌ ሲደርስ ወዲያው ሻንጣው ከተከፈተ፣ ቫርኒሹ ከድንገተኛው ሙቀት የተነሳ ስስ ስንጥቆች ሊያወጣ ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ስንጥቆቹን የሚያስተውላቸው ከሰርቪስ ሲመለስ ነው። ሻንጣው ሳይከፈት ለሰዓታት ቤት ውስጥ ቢቆይ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ዝም ብለው መተው የሌለባቸው ግን አሉ። የአንገቱ ጀርባ ላይ የተራቆተ እንጨት ላብና ቆሻሻ ይጠጣል፣ ይጠቁራል፤ ቶሎ መታተም አለበት። ጠርዙ ወደ ላይ የተነሳ ቫርኒሽ ልብስ እየያዘው ይሰፋል፤ ሥሩ ጠብታ ላከር ቢገባ እዚያው ይቆማል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን ክር ነው፤ ጭረት መስሎ የሚታይ የእንጨት ስንጥቅ ሊሆን ይችላልና ጎኑን በአውራ ጣት ተጭኜ የሚከፈት መሆኑን አያለሁ።

የልጁ ጊታር ላይ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። አንድ መዝሙር አጫወትኩት፤ እስኪጨርስ አንዴም ወደ ስባሪዋ አላየም። ከዚያ ወደ ሠራለት ሰው መልሼ ላክሁት። ስባሪዋን አሳየውና ምን እንደሆነ ጠይቀው አልኩት፤ ካሳ ልስጥህ ካለህ ቀለም እንዲቀባልህ አትስማማ፣ እንጨቱ ገና ስለሚኮማተር የሚቀጥለው በጋ ላይ የፍሬቶቹን ጫፍ በነፃ እንዲያይልህ ተስማማ።