የሦስት ሲግማ ሕግ፦ ጥሩ ጠባቂ፣ ግን ጆሮው ትንሽ ከበድ ያለ

ግማሽ ሊትር ውሃ በጠርሙስ የሚሞላ ማሽን አስቡ። አንዱን 501፣ ሌላውን 498 ሚሊ ሊትር ያደርገዋል። ታዲያ ኦፕሬተሩ 498 ባየ ቁጥር ማሽኑን ይነካካው? በፍጹም! ተራ መዋዠቅን በየጠርሙሱ እየተከተለ "ላስተካክል" ካለ፣ የልዩነቱ መለኪያ የሆነው ቫሪያንስ እጥፍ ይሆናል። አስተካካዩ ራሱ አበላሽ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ መቼ እንንካው? አሜሪካዊው ዋልተር ሹዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 በአንዲት አጭር ማስታወሻ፣ በ1931 ደግሞ በመጽሐፍ መልስ ሰጠ። አማካዩን አስምሩ፤ ከላይና ከታች በሦስት ሲግማ፣ ማለትም በሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ርቀት፣ ሁለት መስመር ጨምሩ። ነጥቡ ውስጥ ከሆነ ተዉት፤ ከወጣ ምክንያቱን ፈልጉ። የዕድልን መዋዠቅ ከእውነተኛ ብልሽት መለየቱ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ እኔም አደንቀዋለሁ።

ግን ሁለት ቅሬታ አለኝ።

አንደኛው ከአስተማሪዎቹ ጋር ነው። "ጤነኛ ማሽን ከ1,000 ነጥብ በአማካይ 2.7 ብቻ ነው የሚያስወጣው" ይሉናል። ይህ ቁጥር የሚሠራው ልኬቱ የደወል ቅርጽ ያለውን ኖርማል ስርጭት ሲከተል ነው። ካልተከተለስ? የቼቢሼቭ ሕግ ዋስትና የሚሰጠን ከዘጠኝ አንድ እጅ እንደማይበልጥ ብቻ ነው፤ ይህም 11 በመቶ ገደማ ነው! ሹዋርት ራሱ ሦስትን የመረጠው ከልምድና ከወጪ አንጻር እንጂ ከደወሉ ቀመር ብቻ አልነበረም። መጽሐፉን ሳያነቡ ሕጉን የሸመደዱ ናቸው ይህን የረሱት።

ሁለተኛው ከሕጉ ከራሱ ጋር ነው። የማሽኑ አማካይ በአንድ ሲግማ ቢንሸራተትና በየሰዓቱ የአራት ጠርሙስ አማካይ ብንወስድ፣ አንዱ ናሙና ችግሩን የሚይዝበት ፕሮባቢሊቲ 16 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ደወሉ እስኪጮህ በአማካይ ከስድስት ሰዓት በላይ እንጠብቃለን። እስከዚያ ስንት ጎዶሎ ጠርሙስ ገበያ ወጣ? ጉድለቱ ቻርቱ የትናንቱን ነጥብ መርሳቱ ነው። እንግሊዛዊው ፔጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረበው ኩሱም ግን ጥቃቅን ልዩነቶችን እየደመረ ያስታውሳል፤ ቀስ በቀስ የመጣውን ቶሎ ይይዘዋል።

ታዲያ ሹዋርትን እንጣለው? ኧረ አይደለም! ድንገተኛ ትልቅ ብልሽትን ለመያዝ ዛሬም ቀላልና አስተማማኝ ነው። ለዝግተኛው ግን ኩሱምን ከጎኑ አቁሙለት። "ሁሉም ነጥብ መስመር ውስጥ ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁም፣ "ስንት ናሙና፣ በስንት ሰዓት ልዩነት?" ብላችሁ ጠይቁት።