ኖማ፣ ኖሚ፣ ኖሙ

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ላይ ጫኖ ወርዶ ሙዝ የገዛ መንገደኛ «ሙዙን በልቼ እሄዳለሁ» ይላል። ጃፓናዊ ቢሆን «ባናና ኦ ታቤቴ ኢኪማስ» ባለ ነበር። ደርድራችሁ እዩዋቸው፦ ባናና ሙዝ ነው፣ «ኦ» የእኛ «ን»፣ «ታቤቴ» በልቼ፣ «ኢኪማስ» እሄዳለሁ። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ጋሞኛም ቢሆን ግሶቹን አንዱን ባንዱ እያሰረ ይሄድና ዋናውን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። ታዲያ የጫኖ ልጅ ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲማር ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ መልሶ ማቃናቱ ምን ይባላል? በወዲያኛው አቅጣጫ የመጣም አለ፦ ጃፓናዊው ሞቶሚቺ ዋካሳ የጋሞኛን እኅት ወላይትኛን አጥንቶ በ2008 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን አቅርቧል።

የጃፓንኛን ግስ አሠራር በፊደላችን ስንጽፈው ደግሞ ውበቱ ይወጣል። «ኖሙ» መጠጣት ነው። «ኖማናይ» አልጠጣም፣ «ኖሚማስ» በአክብሮት እጠጣለሁ፣ «ኖሙ» ለጓደኛ እጠጣለሁ፣ «ኖሜባ» ብጠጣ፣ «ኖሞኦ» እንጠጣ። ማ፣ ሚ፣ ሙ፣ ሜ፣ ሞ! ግሱ የ«መ»ን ቤት እየዞረ ነው የሚረባው። መጻፍ «ካኩ» ነውና በ«ከ» ቤት ይዞራል፦ ካካ፣ ካኪ፣ ካኩ፣ ካኬ፣ ካኮ። የላቲን ፊደል ይህን ሰባብሮ ያሳያል፤ ሀሁ የቆጠረ ሰው ግን ገበታው ላይ ያየዋል። ሌላው ወገን፣ እንደ «ታቤሩ» ያለው፣ ይበልጥ ቀላል ነው፤ «ሩ»ን ጥሎ «ናይ» ወይም «ማስ» መቀጠል ብቻ። ከሥርዓት የወጡት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፦ «ሱሩ» ማድረግ እና «ኩሩ» መምጣት።

ጀማሪን የሚያማርረው በ«ታቤቴ» ያየነው «ቴ» ነው። «ኖሚቴ» ይባል የነበረው ዛሬ «ኖንዴ»፣ «ካኪቴ» ደግሞ «ካይቴ» ሆኗል። በጃፓን የሄይአን ዘመን፣ ከ794 እስከ 1185 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ በአፍ ሲመላለስ ለስልሶ የቀረ ነው። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህንን ቅርጽ ነው። «ኪቴ» መጥቶ ማለት ነው፤ «ኢሩ» አለ። «ኪቴ ኢሩ» ሲባል መጥቷል። የእኛው «መጥቷል»ስ «መጥቶ» እና «አለ» ተገጥመው የወጣ አይደለም? እኛ ስፌቱን ደብቀነዋል፣ እነሱ በግልጽ ትተውታል። ሆኖም «ኖንዴ ኢሩ» ጠጥቷል ሳይሆን እየጠጣ ነው ማለት ነው። መምጣት አንዴ ያልቃል፤ ያለው የመጣው ሰው ነው። መጠጣት ግን ይቆያል፤ ያለው ራሱ መጠጣቱ ነው። ያው «ኢሩ» የግሱን ጠባይ እያየ ይፈታል።

ማን እንደ ሠራው ግን የጃፓንኛ ግስ አይናገርም። «ታቤማሽታ» በላሁም፣ በላሽም፣ በሉም ነው። በላሁ፣ በላሽ እያለ ላደገ ሰው ይህ መጀመሪያ ባዶነት ይመስለዋል። ባዶ ግን አይደለም፤ «ማስ» የሚያከብረው የበላውን ሳይሆን የሚሰማውን ነው። ለአንድ ጫኖ ሽማግሌ «ፍየሏ ሙዙን በላች» ብንል ግሳችን የፍየሏን ሴትነት ይነግራቸዋል እንጂ ለእሳቸው ቦታ የለውም፤ «አባባ» ብለን ከውጭ እንጨምራለን። በጃፓንኛ «ያጊ ጋ ባናና ኦ ታቤማሽታ» ነው። ፍየሏ ሴት ትሁን ወንድ አይታወቅም፤ የሽማግሌው ክብር ግን እዚያው ግሱ ውስጥ ገብቷል።