የሚጣላን ትእዛዝ ይሻላል

በዚህ ገጽ ሒስ ሲባል የምትጠብቁት መጽሐፍ እንደሆነ እናውቃለን። ዛሬ ግን የምንተቸው ሁለት የኮምፒውተር ትእዛዞችን ነው። «ይሄ ደግሞ ምኑ ይተቻል?» እንዳትሉን። ከጎሮም ክፍሎቻችን የሚነሳው የልጆች ስምና ውጤት ጁባ ከተማ ካለ ቢሮ የሚደርሰው በእነዚህ ትእዛዞች በኩል ነው። መንገድ ላይ አንድ ረድፍ ቢጠፋ አንድ ልጅ ጠፋ ማለት ነው። ደብተሩም፣ መጽሐፉም፣ የፈተና ወንበሩም የሚታደለው በዝርዝሩ ነውና።

ትእዛዞቹ ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ የሚገኙት «ሪሼፕ» እና «ኤክስፖርት» ናቸው። የመጀመሪያው የሠንጠረዡን ቅርጽ ይለውጣል። ሁለተኛው ሠንጠረዡን ከፕሮግራሙ አውጥቶ ወደ ኤክሴል ወይም ወደ ሲኤስቪ ፋይል ይልካል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ መምህር 40 ተማሪዎች አሉት እንበል። በመዝገቡ ላይ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ረድፍ አለው፤ የሦስቱ ተርም ውጤት ጎን ለጎን በሦስት ዓምድ ተጽፏል። ይህ «ዋይድ» ይባላል፣ ሰፊው ማለት ነው። ለዓይን ይመቻል። ክፍሉ ከተርም ወደ ተርም ተሻሻለ ወይስ ወረደ ብለን ለማስላት ግን «ሎንግ» ማለትም ረጅሙ ቅርጽ ይመረጣል። እዚያ እያንዳንዱ ልጅ ሦስት ረድፍ ይይዛል፤ አንዱ ዓምድ የተርሙን ቁጥር፣ ሌላው ውጤቱን ይናገራል። 40 የነበረው ረድፍ 120 ይሆናል። 119 ከሆነ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ይቺን ማባዛት ሕፃን ልጅም ይችላታል፤ ስንቶቻችን እንደምንሠራት ግን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

ሪሼፕን የምንወድለት ጠብ አለመፍራቱን ነው። በጋምቤላ ልጆች ዘንድ ኦሞት የሚባል ስም ብዙ ነው። ስምን ብቻ መለያ አድርጋችሁ ብትሰጡትና ክፍሉ ውስጥ ሁለት ኦሞት ቢኖሩ፣ መለያው አይለይም ብሎ ሥራውን ያቆማል። ከረጅም ወደ ሰፊ ስትመልሱም፣ አንድ ልጅ በአንደኛው ተርም ወንድ፣ በሁለተኛው ሴት ተብሎ ከተጻፈ እንዲሁ እምቢ ይላል። «ሪሼፕ ኤረር» ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ጥፋቱ የትኞቹ ረድፎች ላይ እንዳለ ይዘረዝርላችኋል። ተማሪ በዚህ ጊዜ ይናደዳል፤ «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» ይላል። ኧረ አልተበላሸም! የተበላሸው መዝገቡ ነው።

አር በተባለውና በነጻ በሚገኘው ፕሮግራም ውስጥ ያለው የቀድሞው ሪሼፕ ግን ጠባዩ ለየት ይላል። ወደ ሰፊ ሲመልስ ሁለት ኦሞት ካገኘ ማስጠንቀቂያ ይጽፍና የመጀመሪያውን ይዞ ያልፋል። ማስጠንቀቂያውን ያላነበበ ሰው ሁለተኛውን ኦሞት ሳያውቅ አስቀርቶታል። አበው ለወዳጅህ የሚያስለቅሰውን ንገረው የሚሉት ለዚህ ነው፤ ለእኛ የስታታው እምቢታ ይሻለናል።

የማንወድለት ነገርም አለ። መለያውን «አይ»፣ የጊዜውን ተራ «ጄ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ለጀማሪ ይህ ምንም አይነግረውም። የመመሪያ መጽሐፉ የመጀመሪያ ምሳሌም የሦስት ሰዎች የ1980፣ የ1981 እና የ1982 ገቢ ነው። ሦስት ሰው፣ ሦስት ዓመት፣ አንድም ባዶ ቦታ የለውም። እንዲህ የጸዳ መዝገብ ካምፕ ውስጥ ያየ ካለ ይንገረን! ፍትሐዊ ለመሆን ግን መመሪያው ወረድ ብሎ መለያ የተደጋገመበትን ምሳሌ ያሳያል። መምህራን ከዚያኛው ብትጀምሩ ተማሪው ቶሎ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ወደ ኤክስፖርት ስንመጣ ሒሳችን ይከብዳል። ይህ ትእዛዝ ሁሉን እሺ ይላል። በስታታ ውስጥ «መልስ አልሰጠም» እና «አልተጠየቀም» የሚሉትን ባዶዎች በየራሳቸው ምልክት መለየት ይቻላል። ወደ ኤክሴል ሲወጡ ግን ሌላ ካልታዘዘ በቀር ሁሉም አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ይሆናሉ። ሲኤስቪ ደግሞ የእያንዳንዱን ዓምድ ማብራሪያ አይዝም። ፋይሉ በኤክሴል ሲከፈት 0047 የነበረው መለያ 47 ሆኖ ይነበባል። በፊደላችን የተጻፈ ስምም እንዳይነበብ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስታታ ራሱ ዩኒኮድን የተቀበለው በ14ኛው እትም፣ በ2015 ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን ቀይ ጽሑፍ አይወጣም፤ ፋይሉ ተቀምጧል ይላል፣ በቃ።

ባዶን ከዜሮ ማምታታት ምን እንደሚያስከትል እዚሁ አገር ውስጥ ጥሩ ማስረጃ አለ። ከ2015 እስከ 2017 የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ ተደጋጋሚ የቤተሰብ ጥናት አካሂዷል። ቃለ መጠይቁ እንዳይረዝም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የቀረቡት ዋና ዋናዎቹ የፍጆታ ዓይነቶችና ከተጨማሪዎቹ ምድቦች አንዱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ምድቦች ለዚያ ቤተሰብ ባዶ ናቸው፤ በኋላ በስሌት ይሞላሉ። እንግዲህ አንድ ሰው ሠንጠረዡን ወደ ረጅም ቀይሮ ባዶውን ሁሉ ዜሮ ቢያደርገውስ? ያልተጠየቀው ቤተሰብ «አልበላም» ሊባል ነው። ድህነቱ ካለው በላይ ይታያል። የእኛም መዝገብ እንደዚሁ ነው። ታሞ ፈተና ያልተፈተነ ልጅና ተፈትኖ ዜሮ ያገኘ ልጅ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህ የከበደ ነው። በ2005ቱ የሰላም ስምምነት መሠረት በመላው ሱዳን የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው ከሚያዝያ ወር መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ 2008 ነበር። በ2009 የወጣው ውጤት ከ39.15 ሚሊዮን ሕዝብ ደቡቡን 8.26 ሚሊዮን፣ ማለትም 21 በመቶ አደረገው። የምርጫ ክልልና የሥልጣን ክፍፍል ከዚህ ቁጥር ጋር የተያያዘ ስለነበር የደቡብ ሱዳን መንግሥት ውጤቱን አልቀበልም አለ። ጁባ የነበረው የደቡቡ የስታቲስቲክስ ማዕከል ካርቱም ያለው መሥሪያ ቤት ጥሬ መረጃውን አላካፈለኝም ሲል አቤት ብሏል። ስለ ቁጥሩ እኛ አንፈርድም። ሒሳችን የቀረበበትን መንገድ ነው፤ ድምሩ ብቻ የወጣበትን ሠንጠረዥ ወደ ረጅሙ ቅርጽ የሚመልስ ትእዛዝ የለም። ሰውን ከሰው፣ ቤትን ከቤት ለይቶ የያዘው ፋይል ከሌለ ክርክሩ ማስረጃ አጥቶ ይቀራል።

በአንጻሩ ከላይ ያነሳነው የቤተሰብ ጥናት ፋይል የሰዎቹ ማንነት እንዳይታወቅ ተደርጎ በዓለም ባንክ የመረጃ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ተማሪዎች ኢንተርኔት ስታገኙ አውርዳችሁ ተለማመዱበት።

ጥሬ ፋይል ይከፈት ስንል ግን የስደተኛ ስም ይበተን ማለታችን አይደለም። ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር የተጻፈበት ዝርዝር በፍላሽ ሲዞር ለባለቤቱ አደጋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንም በ2015 የግል መረጃ ጥበቃ ፖሊሲ አውጥቷል። ስለዚህ ሁለት ፋይል ይኑረን። ስም ያለበት አንዱ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ መለያ ቁጥር ብቻ ያለበት ይላክ።

እንግዲህ ፋይል የምታስረክቡ ሁሉ እነዚህን አራት ነገሮች አትርሱ፦

1. ከስም ይልቅ የማይደጋገም መለያ ቁጥር ስጡ።
2. ቅርጹን ከመለወጣችሁ በፊትና በኋላ ረድፉን ቁጠሩ፤ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጻፉ።
3. ባዶ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ገጽ አብራርታችሁ ከፋይሉ ጋር ላኩ።
4. የላካችሁትን ፋይል መልሳችሁ ክፈቱትና አምስት ልጆችን መርጣችሁ ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩ።

አራተኛው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ኤክስፖርት ስላልተጣላን፣ ጠቡን እኛው መጀመር አለብን። በዚህ ተርም የክፍላችሁን ዝርዝር ከማስረከባችሁ በፊት እስቲ ሁለቱም ኦሞት መኖራቸውን ተመልከቱ።