መቀበያ ተብሎ ተሠርቶ መሸኛ የሆነው በር

ሙምባይ ወደብ ዳር፣ ፊቱን ወደ ባሕር ያዞረ 26 ሜትር ከፍታ ያለው በር አለ፤ ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ ይባላል። ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። እስቲ ዛሬ ጠጋ ብለን እንየው።

አጠቃላይ ቅርጹ ሮማውያን ለድል መታሰቢያ ያቆሙት የነበረው ዓይነት ቅስት ነው። ጌጡ ደግሞ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የጉጃራት ሕንፃዎች የተቀዳ ነው። የተሠራው ከቢጫ ባዛልትና ከአርማታ ነው። የህንድን፣ የእስላምንና የአውሮፓን ጥበብ የሚያጣምረው ይህ አሠራር ኢንዶ-ሳራሴኒክ ይባላል። ብዙዎች «የባህሎች ውህደት» እያሉ ያደንቁታል። እኔ ግን «ውህደት» የሚለው ቃል አይዋጥልኝም።

ለምን? መሐንዲስ ሕንፃ ሲያይ «ይቺ ክፍል ሥራዋ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጃሊን እንውሰድ፤ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የድንጋይ መከለያ ነው። በድሮዎቹ ቤተ መንግሥቶች ፀሐይ ይከልላል፣ ነፋስ ያስገባል፣ ውስጥ ያለውን ሰው ከውጭ ዓይን ይሰውራል። እዚህ ግን ማንም አይኖርም፤ የባሕሩ ነፋስም በትልቁ ቅስት እንደ ልቡ ይመላለሳል። ጃሊው ሥራውን ለቆ በአብዛኛው ጌጥ ሆኗል ማለት ነው።

ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1857ቱ አመፅ በኋላ የብሪታንያ ዘውድ ህንድን በቀጥታ መግዛት ሲጀምር፣ የሙጋል ነገሥታት ወራሽ መስሎ መታየት ይጠቅመው ነበር። ከ1890 ጀምሮ ደግሞ ስዊንተን ጃኮብ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የህንድ ሕንፃዎችን ዝርዝር ንድፍ በጥራዝ በጥራዝ አሳተመ። ንድፎቹ የተደረደሩት በዘመን ወይም በአገር ሳይሆን በዓይነት ነው፦ ቅስት ከቅስት፣ ምሰሶ ከምሰሶ ጋር። አርክቴክቱ የወደደውን መርጦ ይወስዳል። እንግዲህ ይሄ ከመዋሃድ ይልቅ መምረጥ ነው፤ መራጩም ገዢው ነው።

በሩ የታሰበው የንጉሥ ጆርጅ 5ኛን የ1911 ጉብኝት ለማስታወስ ነበር። ንጉሡ ሲመጡ የጠበቃቸው ግን የካርቶን ሞዴል ብቻ ነው። በጆርጅ ዊተት ንድፍ የተሠራው በር ያለቀው በ1924 ነው። ከ24 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 1948 የመጨረሻዎቹ የብሪታንያ ወታደሮች በዚያው በር ወጥተው ሄዱ።

በሩ ያምራል፤ አልክድም። ግን ድብልቅ የሆነ ሕንፃ ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ እያንዳንዱ ክፍል ምን ይሠራል? የመረጠውስ ማን ነው?